ከጓል ወደ አቧራ፦ በአሚባራ የመስኖ ማሳ ላይ ነፋስና ጨው

ወደ አሚባራ የወረድሁት የመስኖ መሬትን ጨዋማነት ለማጥናት ነበር። በመካከለኛው አዋሽ ዓመታዊው ዝናብ በአማካይ 560 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የሚተነው ውኃ ይህን በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ስለዚህ ጥጡ የሚያድገው ከአዋሽ በተጠለፈ ውኃ ነው። ውኃ በቦይ በሚፈስበት ማሳ አፈር በነፋስ ይሸረሸራል ብዬ አልጠረጠርሁም።

ነገር ግን መስኖው ዓመቱን ሙሉ አይፈስም። ጥጡ ተለቅሞ ማሳው በትራክተር ከተከሰከሰ በኋላ፣ መሬቱ እስከሚቀጥለው ዘር ድረስ ራቁቱን ይቆያል። ነፋስ ሲበረታ በመጀመሪያ እየዘለሉ የሚሄዱት ከ0.1 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር የሚደርሱ ቅንጣቶች ናቸው። እነርሱ ሲወድቁ ይበልጥ የላመውን አፈር መትተው ያስነሡታል፤ ብስባሹንና ንጥረ ነገሩን ይዞ ርቆ የሚሄደውም ይኸው የላመው አፈር ነው። ከ0.84 ሚሊ ሜትር የሚበልጠውን ጓል ግን ነፋስ በቀላሉ አያነሣውም። ከዊልያም ቼፒል ጥናቶች ወዲህ ይህ ልኬት የአፈርን ተጋላጭነት መለያ ሆኖ ያገለግላል።

እኔም በዚሁ ወንፊት ለካሁ። ከሚታረሰው ማሳና በጨው ምክንያት ከተተወው መሬት ናሙና በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቼ፣ በፒካፕ ጀርባ አስጭኜ አመጣሁ። የሁለቱም አፈር አብዛኛው በወንፊቱ አለፈ። ደስ አለኝ (አስፈሪ ውጤት ለጀማሪ ተመራማሪ ምን ያህል እንደሚጥም የደረሰበት ያውቀዋል)። አማካሪዬ ሠንጠረዡን ተመልክተው «ናሙናው በምን ተጓጓዘ?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ጓሉን የፈጨው የመንገዱ ኮረኮንች ነበር።

የጥናቱ ገንዘብ አልቆ ስለነበር ሁለተኛውን ጉዞ በራሴ ወጪ ሄድሁ። አፈሩን በጠፍጣፋ አካፋ አንሥቼ፣ በትሪ ላይ አኑሬ፣ ጭኔ ላይ ይዤ ለመመለስ ስነሣ የእርሻው ጥበቃ አዛውንት «ልጄ፣ እንቁላል ነው እንዴ የያዝሽው?» ብለው ሳቁ። በዚህ ጊዜ የሚታረሰው ማሳ ጓል አብዛኛው ከወንፊቱ በላይ ቀረ። የተተወው መሬት አፈር ግን በጣት ሲነካ ገና ፈረሰ፤ ሶዲየም የሸክላውን ቅንጣቶች ያለያያል፣ ጨውም ሲደርቅ የገጹን አፈር እንደ ዱቄት ያሳብጠዋል። የመጣሁበት ርዕስና ያላሰብሁት ርዕስ አንድ ላይ ተገናኙ።

በመጀመሪያው ረቂቅ ማሳዎቹ ሁሉ በዛፍ እንዲታጠሩ መክሬ ነበር፤ ያን ሰርዣለሁ። አሁን የምለው፣ በሚታረሰው ማሳ ላይ ክስካሶው ይቀነስ፣ በተተወው መሬት ላይ ደግሞ ከዛፉ በፊት የውኃ ማጠንፈፊያ ቦይ ይቆፈር ነው።