ከ«ሌሎቹ» ክምር የወጣው ቅርጽ

«የሥነ ጽሑፍ ተማሪንና ጂኦሜትሪን ምን አገናኛቸው?» የምትሉ አትጠፉም። እኔን ያገናኘኝ የስም ጉዳይ ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ የኖረው ኢውክሊድ በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ባለ አራት ጎን ቅርጾችን ይደለድላል። ካሬ፣ ሬክታንግል፣ ሮምበስና ፓራሌሎግራም የየራሳቸው ስም አላቸው። የቀሩትን ሁሉ ባንድ ስም ጠቅልሎ ያልፋቸዋል። ዛሬ ካይት የምንለው ቅርጽ ያለው እዚያ ክምር ውስጥ ነው።

ለመሆኑ ምን ጎደለው? ካይትም እንደ ፓራሌሎግራም ሁለት ጥንድ እኩል ጎኖች አሉት። ብቻ የፓራሌሎግራም እኩዮች ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ የካይት እኩዮች ጎን ለጎን ይያያዛሉ። ልዩነቱ ይኸው ነው። ከማዕዘን ማዕዘን የሚሰመሩት ሁለት መስመሮች በ90 ዲግሪ ይቋረጣሉ፤ አንደኛው ሌላውን እኩል ለሁለት ይከፍለዋል። በከፋዩ መስመር ላይ ወረቀቱን ብታጥፉት ግራና ቀኙ ልክክ ይላል። ስፋቱም ቀላል ነው፦ መስመሮቹ 6ና 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆኑ፣ አባዝቶ ለ2 ማካፈል ነው፤ 30 ካሬ ሳንቲ ሜትር። እንዲያውም ያ ስም የወጣለት ሮምበስ አራቱም ጎኖቹ እኩል የሆኑ ካይት ነው!

የሒሳብ ሰዎች አንድ የቆየ ጥያቄ ነበራቸው። አንድ ዓይነት ንጣፍ ብቻ ያለ ክፍተት ተደርድሮ፣ ማለቂያ የሌለውን ወለል ሲሸፍን፣ ንድፉ ግን በየተወሰነ ርቀት ራሱን እንዳይደግም ማድረግ ይቻላል ወይ? እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሮጀር ፔንሮዝ በሁለት ቅርጾች አሳካው፤ አንዱ ካይት ነበር። በአንድ ቅርጽ ብቻ የሚሆነውን እ.ኤ.አ. በ2022 ያገኘው እንግሊዛዊው ዴቪድ ስሚዝ ነው። የሒሳብ ምሁር እንዳይመስላችሁ፤ በኅትመት ቴክኒሺያንነት ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እኩል ጎኖችና እኩል ማዕዘኖች ያሉትን ጎነ ስድስት ከመሐሉ ወደ ጎኖቹ አጋማሽ ብትቆርጡት 6 ካይት ይወጣዋል። የስሚዝ «ባርኔጣ» እንዲህ ያሉ 8 ካይቶች የተገጣጠሙበት ነው። ማረጋገጫውን ከሦስት ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ በ2023 አወጣ።

እኛም ገና በልጅነታችን «ሶሻል»፣ «ናቹራል» ተብለን ተደልድለናል። ለመዝገብ ይጠቅም ይሆናል፤ ይሁን። ግን የተመደበበትን ክምር አልፎ እንዳያስብ ሰውን የከለከለው ማነው? እስቲ እርሳስና ማስመሪያ አንሡና አንድ ካይት ሥሩ። ከየትኛው ክፍል ናችሁ ብሎ አይጠይቃችሁም።