የአንኮበር አቀበትና ያረጀው ቱርቦ

ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ደብረ ብርሃን ይደርሳል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የቆረቆሯት ይህች ከተማ 2,800 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ብርዷ አጥንት ይሰብራል። ከዚያ በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነበረችው አንኮበር ትገኛለች። ከአፋፉ ቁልቁል ለተመለከተ፥ አልዩ አምባና ከርሷ ወዲያ ያለው ቆላ ተዘርግቶ ይታየዋል። በቀድሞ ዘመን የሲራራ ነጋዴ በቅሎውን እያሳረፈ የወጣውን ይህን አቀበት፥ ዛሬ ያረጀ ላንድክሩዘር እያቃሰተ ይወጣዋል።

ሾፌሩ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጦ መኪናው አልታዘዝ ሲለው፥ «የደጋው አየር ነው» ብሎ ያልፈዋል። ነገሩ ግማሽ እውነት ነው። በደብረ ብርሃን የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከመቶ 72 እጅ ያህል ስለሆነ፥ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከሩብ የሚበልጥ ኃይሉን ያጣል። ነገር ግን አዲስ አበባም ደጋ ናት፤ ከዚያ ደብረ ብርሃን ድረስ የሚቀንሰው ግፊት ከመቶ 6 እጅ ያህል ብቻ ነው። የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሺ በ1905 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የባለቤትነት መብት ያገኘበት ቱርቦ ደግሞ፥ በሚወጣው ጢስ ኃይል እየተሽከረከረ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ነው፤ ጤነኛ ከሆነ የሳሳውን አየር ይክሳል። እንግዲህ በአዲስ አበባ ሜዳ ደኅና የነበረ መኪና እዚህ ቢደክም፥ አቀበቱ የተደበቀውን በሽታ ገለጠው እንጂ አላመጣውም።

በሽታውን ለማወቅ በመጀመሪያ ጢሱን መመልከት ነው። የበዛ ጥቁር ጢስ አየር እንዳነሰ ያስረዳል፤ ስለዚህ በአቧራ የታፈነውን የአየር ማጣሪያ፥ ቀጥሎም ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የጎማ ቱቦና ማጥበቂያውን መመርመር ይገባል። ቱቦው ከተቀደደ የፉጨት ድምፅ ይሰማል። ጢስ ሳይኖር ኃይል ከጠፋ፥ የናፍጣው ማጣሪያ ሳይደፈን አልቀረም። ሰማያዊ ጢስ ግን ዘይት መቃጠሉን ያመለክታል፤ ምክንያቱም ቱርቦው ወይም የፒስተኑ ፋሻ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ የቱርቦው ዘንግ ሲነቀነቅ ክንፎቹ ግድግዳውን የሚነኩ ከሆነ፥ ቱርቦው አልቋል ማለት ነው።

ለመስክ ሥራ በመሥሪያ ቤት መኪና የምትወጡ ወጣቶች ይህን ብታውቁ ትጠቀማላችሁ። ላልቶ የቀረ ማጥበቂያ በጥቂት ብር ይታደሳል፤ ዘይት የሚያፈስ ቱርቦ ግን ቸል ከተባለ፥ የናፍጣ ሞተር ያንኑ ዘይት እየበላ ቁልፉ ቢዘጋም አልጠፋ ሊል ይችላል። በገደል አፋፍ ላይ ይህ የነፍስ ጉዳይ ነው።

አቀበቱን ጨርሳችሁ ስትቆሙም ሞተሩን ወዲያው አታጥፉት። የጋለውን ቱርቦ ዘይቱ እንዲያቀዘቅዘው አንድ ሁለት ደቂቃ በዝግታ ይዙር።