የፍላጻው መዝሙር

መዝሙረ ዳዊትን በየዕለቱ ከፍሎ የሚደግም ሰው ዓርብ ዓርብ አንድ አጭር መዝሙር ላይ ይደርሳል። በግዕዙ አቆጣጠር 126ኛው፣ በፕሮቴስታንቶች መጽሐፍ 127ኛው ነው። ቤት ስለ መሥራት ይጀምርና ልጆችን በኃያል እጅ ከተያዙ ፍላጻዎች ጋር አመሳስሎ ያበቃል። እኛ ዘንድ ይደገማል፣ ይታለፋል። አሜሪካ ውስጥ ግን ሙሉ ኑሯቸውን በዚህ መዝሙር ላይ የመሠረቱ ወግ አጥባቂ ክርስቲያኖች አሉ። እንቅስቃሴያቸው «ኩዊቨርፉል» ይባላል፤ በፍላጻ የተሞላ ኮሮጆ ለማለት ነው። ክኒኑና ሉፑ ቀርቶ ቀን መቁጠሩንም አይቀበሉም። ማኅፀንን የሚከፍተውም የሚዘጋውም እግዚአብሔር ነው ባዮች ናቸው።

ነገሩ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ይመስላል፤ እንቅስቃሴው ግን የቅርብ ጊዜ ነው። ቀድሞ የሴቶች መብት ተሟጋች የነበረችው ሜሪ ፕራይድ በ1985 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያሳተመችው መጽሐፍ ነው ብዙዎቹን ያነሣሣው። እምነቱ ሥር የለውም ማለት ግን አይደለም። እስከ 1930 ድረስ ትልልቆቹ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ወሊድ መከላከልን ይቃወሙ ነበር። በዚያ ዓመት የአንግሊካን ጳጳሳት ላምቤዝ ላይ ተሰብስበው በ193 ድምፅ ለ67 በሩን በጥቂቱ ከፈቱ። ዓመቱ ሳያልቅ፣ በአውሮፓውያኑ ታኅሣሥ የመጨረሻ ቀን፣ የሮማው ፓፓ ፒዮስ 11ኛ በመልእክታቸው ለካቶሊኮች አጥብቀው ዘጉት።

የአርካንሶዎቹ ጂም ቦብና ሚሼል ዱጋር ራሳቸውን በኩዊቨርፉል ስም አይጠሩም፤ ግን 19 ልጆች ወልደው በቴሌቪዥን የታወቁት እነሱ ናቸው። ሚሼል ከመጀመሪያ ልጇ በኋላ ክኒን ትወስድ ነበር። ክኒኑን እየወሰደች አረገዘች፤ ጽንሱም ወረደ። ባልና ሚስቱ ጥፋቱ የክኒኑ ነው ብለው አመኑ፤ ከዚያ ወዲያ ቁጥሩን ለእግዚአብሔር ተዉለት። ከእምነታቸው በስተጀርባ ልጅ ያጣ ወላጅ ሐዘን አለና ልናቃልለው አይገባም።

እኔን የያዘኝ ግን የዱጋሮች ቤት አሠራር ነው። ታላላቆቹ ልጆች ለታናናሾቹ ተመድበው ያለብሱ፣ ያበሉ፣ ያስጠኑ ነበር። ይህን ለማየት አርካንሶ መሄድ አያስፈልግም። ታናሿን አዝላ ውኃ የምትቀዳ፣ ራሷ ገና ልጅ የሆነች የበኩር ሴት ልጅ በየገጠራችን አለች። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ስንል ብዙ ጊዜ ዕድል ያልነው የእሷን ጀርባ ነው።

መዝሙሩን ደግሜ ሳነበው ያስተዋልኩት ሌላም አለ። ስንት ፍላጻ እንደሚበቃ አይናገርም። ከፍላጻዎቹ በፊት ደግሞ ስለ እንቅልፍ ይናገራል፤ በማለዳ መነሣትና አምሽቶ መድከም ከንቱ መሆኑን፣ እግዚአብሔር ለሚወዳቸው እንቅልፍ እንደሚሰጥ። አንዱን ጡት ሳታስጥል ሌላውን ያረገዘች እናት ይህን ስታነብ ምን ይሰማት ይሆን? ልጅ ስጦታ ነው የሚለውን አምናለሁ፤ በሙሉ ልቤ። ስጦታ ተቀባይዋ ግን ልትጠየቅ ይገባል፤ ያልተጠየቀች ሴት ላይ የሚጫን ነገር ትእዛዝ ይሆናል።

እኛም አገር በ2000 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንዲት ሴት በአማካይ 5.5 ልጅ ትወልድ ነበር፤ በ2016 ወደ 4.6 ወርዷል። ከመከላከያዎቹ በብዛት የሚመረጠው የሦስት ወሩ መርፌ ነው። ከሚመረጥባቸው ምክንያቶች አንዱ ከባል መደበቅ መቻሉ ነው። ሚስት ከገዛ ባሏ የምትደበቅበት ትዳር መንፈሳዊ መሪዎችን ሊያሳስብ ይገባል፤ ከመርፌው ይልቅ።

ስለዚህ ሰባኪዎች ሆይ፣ ይህን መዝሙር ስትሰብኩ የእንቅልፉን ቃል አትዝለሉ። ባሎችም ስለሚቀጥለው ልጅ ከመወሰናችሁ በፊት ሚስቶቻችሁን ጠይቁ፤ «ይበቃኛል» ካሉም ስሟቸው።