አንድ ፍሪጅ፣ ሁለት ስኳረኛ

«ድመት ደግሞ ስኳር ይይዘዋል እንዴ?» ብላችሁ መሳቅ ከጀመራችሁ አልፈርድባችሁም። እኔም ስቄያለሁ፤ ያውም ሐኪሙ ፊት! ሰውየው ግን አልሳቀም። የሽንት መመርመሪያዋን ቁራጭ ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ቀለሟን አሳየኝና «ይኸው፣ ስኳር ነው» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤታችን ፍሪጅ ውስጥ የሁለት ስኳረኛ መድኃኒት ጎን ለጎን መኖር ጀመረ። አንዱ የእናቴ፣ ሌላው የሚሌ።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። ሚሌ ድመታችን ነው። ሙሉ ስሙ ሚሌኒየም ይባላል። 2000 ዓ.ም. ሊጠባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ቦሌ መንገድ ላይ ያንን ትልቅ የሚሌኒየም አዳራሽ ለበዓሉ ለማድረስ ሌት ተቀን ሲጣደፉ በነበረበት ሰሞን፣ ገርጂ እኛ ግቢ፣ ማገዶ የሚቀመጥበት ጥግ ተወለደ። እናቱ ወዲያው ጠፋች። የእኔ እናት በጠብታ ወተት አሳደገችው። እኔ ያኔ ገና ተማሪ ነበርኩ።

በጎረምሳነቱ ሰፈር ያወከ ድመት ነበር። በየሌሊቱ እየተደባደበ ጆሮው ተተልትሎ ሲመጣ ጊዜ አኮላሸነው። ከዚያ በኋላ ጨዋ ሆነ፤ ሶፋ ላይ ተደላደለ፤ ወፈረ። እናቴ ደግሞ ፍቅሯን የምትገልጸው በሳህን ነው። እንጀራ በወጥ፣ ዳቦ በወተት፣ በበዓል ድፎ ዳቦ! ሚሌም የቀረበለትን አይመልስም።

በ2013 ክረምት ላይ ነገሩ ተለወጠ። ውኃ ይጠጣል፣ ይጠጣል፣ አይረካም። የልብስ ማጠቢያ ባልዲ ውስጥ ሳይቀር አንገቱን ይነክራል። እንደ ጉድ እየበላ ይከሳል። ሲራመድ ደግሞ የኋላ እግሮቹ ተረከዝ መሬት እየነካ፣ ልክ ጫማ እንደሰፋው ሕፃን ሆነ። መጀመሪያ የነቃችው እናቴ ናት። እሷ ስኳር ከተገኘባት ያኔ 11 ዓመቷ ነበር። «ይሄ ልጅ እንደ እኔ ነው የሚጠጣው» አለች። እኔ ቀለድኩ። እሷ ግን በጨርቅ ጠቅልላ ካርቶን ውስጥ ከታ ሰጠችኝ።

ሐኪሙ ቢሾፍቱ ካለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የወጣ ነው። «ትምህርት ቤት የተማርነው በብዛት ስለ ከብት ነው፤ ድመቱን ያስተማረን ቦሌ ነው» ይላል። የድመት ስኳር የሚበረታው በማን ላይ እንደሆነ በጣቱ ቆጠረልኝ፦ ያረጀ፣ ወንድ፣ የተኮላሸ፣ የወፈረ። ሚሌ አራቱንም ያሟላል። የሥራ ማስታወቂያ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ዙር ያልፍ ነበር!

ድመት ሥጋ በል ነው። እንጀራና ዳቦ ገላው ውስጥ ገብቶ ስኳሩን ይሰቅለዋል። ወጡም ቢሆን ሽንኩርት አለበት፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የድመትን ደም የሚያበላሽ መርዝ ነው። እኔ ይህን ስሰማ ላብ አጠመቀኝ። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ በፍቅር ስንመርዘው ኖረናል ማለት ነው።

መድኃኒቱ ኢንሱሊን ነው፤ በቀን ሁለቴ፣ ከጧቱ 1 ሰዓትና ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ የጀርባ ቆዳውን ወደ ላይ አንሥቶ። እናቴ የምትወስደው ደመና መሳዩ ኢንሱሊን ድመት ላይ ቶሎ ስለሚያልቅ ረጅም ሰዓት የሚቆየው፣ ግላርጂን የሚባለው ተመረጠለት። እሱን ፍለጋ ከቦሌ እስከ መገናኛ ያልረገጥኩት ፋርማሲ የለም። «ለማን ነው?» ሲሉኝ መጀመሪያ እውነቱን እናገር ነበር። ሁለት ቦታ ከተሳቀብኝ በኋላ «ለአጎቴ» ማለት ጀመርኩ።

የሰፈሩን ወሬማ ተዉት። «ሰው መድኃኒት አጥቶ ይሞታል፣ እነ እንትና ለድመት መርፌ ይወጋሉ!» ተባለ። እውነት ለመናገር ይህቺ ንግግር አጥንቴ ድረስ ገብታለች፤ ምክንያቱም ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለችም። አንዷ ጎረቤታችን ግን «የሰው መድኃኒት ለእንስሳ!» ስትል መልስ ነበረኝ። በ1921 እ.ኤ.አ. ካናዳ፣ ቶሮንቶ ላይ ባንቲንግና ቤስት የተባሉት ሰዎች ይህን መድኃኒት ሲያገኙ የሞከሩት በውሾች ላይ ነው። የመጀመሪያው ሰው፣ የ14 ዓመት ልጅ፣ የተወጋው በጥር 1922 ነው። ከዚያም በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሰው የተወጋው ከላምና ከአሳማ ቆሽት የወጣውን ነው። እንግዲህ ማን የማንን መድኃኒት ወሰደ?

እንዲህ እንዲያ እያልን ስምንት ወር ያህል ደህና ሄድን። ከዚያ ሕማማት መጣ።

የ2014 ዐቢይ ጾም። በጾም ድመት ማኖርን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሥጋ ቤቱ ሁሉ ዝግ ነው። እኛም ከጾሙ በፊት ገዝተን በየፌስታሉ ቋጥረን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጠን ነበር። በሆሳዕና ሳምንት መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ሥጋው ተበላሸ። የሙስሊም ሥጋ ቤት ሄጄ ሌላ ገዛሁ። ሚሌ አሽትቶ ተወው። ሥጋው ስላልጣመው ነው አልኩ። ቅዳሜ ትንሽ ቀማመሰ። እሑድ ከንፈሩን እየላሰ ዞር አለ። እናንተዬ፣ ድመት ምግብ አይቶ ከንፈሩን እየላሰ ዞር ካለ አምሮት እንዳይመስላችሁ፤ ማቅለሽለሽ ነው። እኔ ግን ያኔ አላወቅኩም።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 10፣ ከመድኃኔዓለም አካባቢ ካለው ቢሮዬ ታክሲ አጥቼ ቤት የደረስኩት አምሽቼ ነው። መብራት የለም። በሞባይሌ ብርሃን ሳህኑን አየሁት፤ ባዶ ነው። «ጎበዝ! በላህ ማለት ነው» ብዬ የሁልጊዜውን መጠን ወጋሁት። ለካስ ያልተነካውን የደረቀ ሥጋ እናቴ ጥላ ሳህኑን አጥባው ኖሯል። እኔ አልጠየቅኳት፤ እሷ አልነገረችኝ።

ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ ሳሎን ውስጥ አንድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። ሚሌ ከሶፋው ወድቋል። ለመቆም ይሞክራል፤ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፤ ይወድቃል። ዐይኑ ይፈጣል እንጂ አያየኝም። ከዚያ እግሮቹ ይንቀጠቀጡ ጀመር። እሪ ብዬ እናቴን ቀሰቀስኩ። በእናቴ መለኪያ የጆሮውን ጠርዝ ወግቼ ለካሁት፤ 41። የሰው መለኪያ ለድመት ትንሽ ዝቅ አድርጎ ሊያነብ እንደሚችል ሐኪሙ ነግሮኛል፤ ይሁን እንጂ 41 ምን እንደሆነ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያሻም። ስኳሩ ወርዷል። ያወረድኩት እኔ ነኝ።

ማር አመጣች። በጣቴ እየነካሁ ድዱ ላይ ቀባሁት፤ ጉሮሮው ውስጥ አልጨመርኩም፤ የሚንቀጠቀጥ ድመት መዋጥ ስለማይችል ይታነቃል። ሩብ ሰዓት ያህል አለፈ። ለእኔ ግን ሙሉ ሌሊት ነበር። መንቀጥቀጡ ቆመ። አንገቱን ቀና አደረገ። እስኪነጋ ድረስ ማር እየቀባሁ፣ እየለካሁ፣ እያለቀስኩ ቁጭ አልኩ። እናቴ የሞባይሉን መብራት ይዛልኝ መዝሙር በለሆሳስ ትል ነበር።

ማክሰኞ ጧት ካርቶኔን ታቅፌ ታክሲ ገባሁ። ወያላው «ይሄ ዕቃ ነው ሰው?» ሲለኝ የሁለት ሰው ከፈልኩ፤ ለክርክር አቅም አልነበረኝም። ሐኪሙ አፉን ከፍቶ አየና ጉዳዩ ወዲያው ወጣ፤ ከኋላ ያለው ጥርሱ በስብሶ ድዱ መግል ይዟል። አሞት ነው መብላት ያቆመው። ሽንቱን ደግሞ መረመረና ኪቶን የሚባለው ነገር ገና መታየት እንደጀመረ ነገረኝ፤ ገላው ስኳሩን መጠቀም ሲያቅተው ስብ ማቃጠል ሲጀምር የሚመጣ መርዝ ነው።

አስቀምጦ አስተማረኝ። ልገሥጽሽ አላለም፤ እሱ ነው የበለጠ ያሳፈረኝ። ስኳረኛ ድመት ካልበላ የተለመደው መጠን አይወጋም፤ ወዲያው ለሐኪሙ ይደወላል። በሌላ በኩል «አልበላምና መርፌው ለጥቂት ቀን ይቅር» ማለትም መሞቻ ነው፤ ኪቶኑ ያኔ ይነግሣል። መጠኑን የሚቆርጠው ሐኪሙ ነው እንጂ የሰፈር ሰው አይደለም። ደግሞም ውሻ ሁለት ሦስት ቀን ምግብ ቢዘጋ ይችለው ይሆናል፤ ድመት ግን፣ በተለይ ወፍራም የነበረ ድመት፣ በጥቂት ቀን ውስጥ የገላው ስብ ጉበቱ ላይ ተከምሮ ጉበቱን ይዘጋዋል። «ነገ ይበላ ይሆናል» እያሉ ማደር ለድመት አይሆንም። ጎረቤታችን ለሕመሙ ፓራሲታሞል ስጪው ብላኝ እንደነበር ስነግረው ከወንበሩ ተነሣ። ግማሽ ፍሬ እንኳ ድመት ይገድላል አለኝ። እግዜር ነው ያተረፈኝ፤ አልሰጠሁትም።

መርፌዎቹን ተወግቶ፣ ለማቅለሽለሹም መድኃኒት ተሰጥቶት፣ ጥርሱ የሚነቀልበት ቀጠሮ ተይዞለት ወደ ቤት ተመለስን። ሰዓቱ ወደ 6 ሰዓት ነው፤ ቀትር። በሩን ስከፍት እናቴ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ከስግደት መመለሷ ነው። ነጠላዋ በላብ ረጥቧል። «ሚሌስ?» አለችኝ፤ ምላሷ ተሳሰረባት። እጆቿን አየኋቸው። ይንቀጠቀጣሉ። ልክ እንደ እሱ።

ማሩ ጠረጴዛው ላይ እንደተከፈተ ነበር። በውኃ በጥብጬ አጠጣኋት። ለካሁ፤ 58። ከዚያ የተጠቀሙባቸውን መርፌዎች የምናጠራቅምበትን የሃይላንድ ፕላስቲክ አየሁት፤ የጧቱ መርፌዋ ውስጡ አለ። ቁርስ ግን የለም። ለካ እናቴ ጾሙን በሙሉ ጧት መርፌዋን እየተወጋች እስከ 9 ሰዓት ስትጾም ኖራለች! እኔ ጧት ወጥቼ ማታ የምገባ ሰው ምን አውቄ! የድመቱን ሳህን ስፈትሽ የእናቴን አልፈተሽኩም።

ስትረጋጋ ጮህኩባት። «እማዬ፣ ሳይበላ አይወጋም እያልሽ ስምንት ወር እኔን የምትቆጪው አንቺ አይደለሽም?»

«እኔ ድመት ነኝ?» አለችኝ።

ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ዝም አልን። ቆይታ ቆይታ «ሃምሳ አምስቱን ቀን እንደ ሰው መጾም አምሮኝ ነው፤ ይኼ በሽታ ሁሉን ነገር ወሰደብኝ» አለች። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

በማግሥቱ የነፍስ አባቷ ቤት ድረስ መጡ፤ እኔ ነኝ ደውዬ የነገርኳቸው። ለታመመ ሰው ጾሙ እንደሚቃለልለት ከዚህ በፊት ነግረዋት ኖሯል፤ ለእኔ ግን ደብቃኛለች። ትንሽ ተቆጧት፣ ትንሽ አባበሏት። ከበዓሉ በኋላም ሐኪሟ ጋ ወስጄ የመርፌዋን ሰዓትና መጠን አስተካከሉላት፤ ለሚቀጥለው ጾም አስቀድማ መጥታ እንድታማክራቸውም አስጠነቀቋት። ስኳር ያለባት እናት ያላችሁ ልጆች፣ በዚህ ነገር ከቄሱም ከዶክተሩም ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ እንጂ «እሷ ታውቃለች» አትበሉ።

ሚሌን ማብላቱ ግን ቀላል አልነበረም። አፉን ከፍተን በግድ እንዳናጎርሰው ሐኪሙ ከልክሎናል፤ ምግቡን ጨርሶ ይጠላዋል። ያለ ሽንኩርትና ያለ ጨው የተቀቀለ ዶሮ ለብ አድርገን፣ ሽታው እንዲያውደው አፍንጫው ሥር እናስጠጋለን። ቀዝቃዛ ምግብ አይሸትም፤ ያልሸተተውን ድመት አይበላም። ቴሌቪዥኑን አጥፍተን፣ በሩን ዘግተን፣ በመዳፋችን። ረቡዕ መረቁን ላሰ። ሐሙስ ሁለት ቁራጭ። ቅዳሜ ሌሊት እናቴ ቤተ ክርስቲያን አድራ ስትመለስ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ወደ ማእድ ቤት ገባች። ዶሮው ወጡ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ለእሱ የተቀነሰውን አሙቃ አቀረበችለት። ሳህኑን እስኪልስ ድረስ በላ። እሷ ቆማ አየችው። ከዚያ ነው የራሷን የጎረሰችው።

ጥርሱ በበዓሉ ሳምንት ተነቀለ። ስኳሩም ከዚያ ወዲህ ረገብ አለ፤ መጠኑ ተቀነሰለት። ሚሌ የሞተው በ2016 ኅዳር፣ በአሥራ ሰባተኛ ዓመቱ፣ በእርጅና ነው፤ ግቢያችን ውስጥ፣ በተወለደበት ጥግ ቀበርነው። የእሱ ኢንሱሊን ከፍሪጁ ወጣ።

እኔ አሁንም ጧት ጧት ወደ ሥራ ስሄድ፣ ታክሲ ውስጥ ሆኜ እናቴ ጋ እደውላለሁ። 1 ሰዓት ላይ። «ቁርስ በልተሻል?» ብዬ ብጠይቃት ትቆጣለች፤ ሕፃን አይደለሁም ትላለች። ስለዚህ ሌላ ነው የምጠይቃት።

«እማዬ፣ ሚሌ በልቷል?»

«በልቷል፣ በልቷል» ትለኛለች፤ እያላመጠች።