የወንድሜ ስንቅ

ወታደር ያለበት ቤት ለአየር ትንበያ ጆሮ አለው። ሌላው ቤት ዜናው ሲያበቃ ቴሌቪዥኑን ይዘጋል፤ እናቴ ግን ያን ጊዜ ነው «ድምፁን ከፍ አድርጉልኝ» የምትለው። ደብረ ብርሃን ተወልዳ ደብረ ብርሃን ሽበት ያወጣች፣ ከአዲስ አበባ አልፋ የማታውቅ ሴት፣ የጎዴንና የሰመራን ሙቀት እንደ ጎረቤት ጤና ትከታተላለች። «ዛሬስ ሰመራ ከአርባ አለፈ፤ ልጆቹ አለቁ» ትላለች። ወንድሜ ከሰመራ ከተነሳ ቆይቷል። እሷ ግን ልጇ አንዴ የረገጠውን አገር አትተውም። ካርታ ተዘርግቶላት አያውቅም፤ የኢትዮጵያን ዳር ድንበር የተማረችው በልጇ እግር ነው። የአፋሩን ቡሬ ከጎጃሙ ቡሬ ትለያለች። ሞያሌና ዛላምበሳ በየት በየት እንደሆኑ፣ ሁርሶ ከድሬዳዋ ምን ያህል እንደማይርቅ ቡና ላይ ለጎረቤት ታስረዳለች።

አብዬንም ታውቃለች። የጸጥታው ምክር ቤት በሰኔ 2003 ዓ.ም. በውሳኔ ቁጥር 1990 ወደዚያች አወዛጋቢ መሬት 4,200 ወታደር እንዲላክ ሲፈቅድ፣ ካርቱምም ጁባም አምነው የተቀበሉት የኢትዮጵያን ጦር ነበር። የወንድሜ ተራ የደረሰው ከዓመታት በኋላ ነው። በክረምት መኪና የሚውጥ ዋልካ መሬት እንደሆነ፣ ሚሲሪያዎች በበጋ ከብታቸውን እየነዱ ወደ ኪር ወንዝ እንደሚወርዱ፣ ንጎክ ዲንካዎች ቀንዱ የሚያስደንቅ በሬ እንዳላቸው በስልክ ነገረን። እናቴ ያን ሁሉ ሰምታ የጠየቀችው «ላሞቹ ስንት ይታለባሉ?» ብላ ነው። አላወቀም። በሚቀጥለው ሲደውል ጠይቆ መጣ።

ከወንድሜ ጋር የምንነጋገረው ይኸን ይኸን ነው። ካምፑ ውስጥ ኔትወርክ ስለማይገባ ከጀርባው ወዳለው ኮረብታ ወጥቶ ይደውልልኛል። «እታለም፣ እንዴት ዋላችሁ» ይላል፤ ከዚያ ጊደሯ መያዟን፣ የበሩ ማጠፊያ መሠራቱን፣ የጎረቤታችን ልጅ ፈተና ማለፉን ይጠይቃል። ስለ ግዳጁ አልጠይቀውም፤ እሱም አይነግረኝም። ይህን የሚያዩ ዘመዶች «እናንተ እኮ ዋናውን ነገር አታወሩም» ይሉናል። ለእኔ ግን ዋናው ይኸው ነው። ቀኑን ሙሉ ሪፖርት ሲያቀርብና ሪፖርት ሲቀበል የዋለ ሰው፣ ኮረብታ ወጥቶ ለእህቱም ሪፖርት እንዲያቀርብ አልፈልግም። የጊደሯን ሆድ መግፋት ስነግረው ድምፁ ይለወጣል፤ ቤቱ ይገባል። ያን ለማድረግ ከእኔ የሚጠበቀው ጊደሯን በደንብ ማየት ብቻ ነው። አያታለሁ።

በሶም እልክለታለሁ። ስለ በሶ ትንሽ ላውራ፤ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም።

ገብሱ ተለቅሞ ውሃ ይረጭበትና በሙቀጫ ይሸከሸካል። ገለባው በሰፌድ ይለያል፤ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከዚያ በብረት ምጣድ ይቆላል፤ ሰው የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ካረረ ይመራል፣ ካልበሰለ ሆድ ይነፋል። እናቴ ቆላይዋን ከምጣዱ አታስነሳም፤ ስልክ ቢጮህም ሰው ቢጠራም እጅ ከማማሰያው አይለይም። ሽታው ሰፈሩን ሲያዳርስ ጎረቤቱ ሁሉ የሚሄድ ሰው መኖሩን ያውቃል፤ «ማን እጅ ነው የምትልኩት?» እያለ ይመጣል። ወፍጮ ቤት ደርሶ ሲመለስ ጨውና ትንሽ በርበሬ ይገባበታል። ለቆላ አገር ከሆነ ቅቤ አንጨምርም፤ ሙቀቱ ያበላሸዋል። ደጋ ከሆነ ጭኮ እናደርገዋለን። በሶ እሳት አይፈልግም። ውሃ ከኮዳ፣ ዱቄት ከከረጢት፣ ኩባያ ከተገኘ ምግብ ነው። ጭስ የለውም። ጭስ የሌለው ምግብ ለወታደር ምን ማለት እንደሆነ ወንድሜ ነግሮኛል፤ ከነገረኝ ወዲህ ስቆላ እጄ ይፈራል።

ለወታደር ስንቅ ከቤት ማውጣት ከእኛ አልጀመረም። አጼ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. መባቻ ክተት ሲያውጁ አገሩ ከክፉ ቀን ገና መነሳቱ ነበር። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በሬው በደስታ በሽታ አልቆ፣ እርሻው ጦም አድሮ፣ ሕዝቡ እንደ ቅጠል ከረገፈ ገና ጥቂት ዓመት ነው። ያ አገር ነው ወደ 100,000 ለሚገመት ሠራዊት ስንቅ አውጥቶ ወደ ሰሜን የሸኘው። የካቲት 23 ቀን ዓድዋ ላይ ሲገጥሙ በሁለቱም ሰፈር ስንቅ ተሟጦ ነበር። ባራቲዬሪም ምኒልክም የቀሯቸው ለቀናት እንጂ ለሳምንታት የሚበቃ አልነበረም፤ ጥቂት ቢቆዩ ረሃቡ ቀድሞ አንዱን ወገን ያነሳው ነበር። በዓሉ በመጣ ቁጥር ነጋሪቱን፣ ጋሻውን፣ ጎራዴውን እናነሳለን፤ ይገባልም። እኔ ግን ሰልፉን ባየሁ ቁጥር ከሠራዊቱ ኋላ የምትሄደው ሴት ትመጣብኛለች። ምጣዷን አዝላ፣ ሌሎቹ ድንኳን ሲተክሉ እሷ ወፍጮ ላይ ተንበርክካ፣ የባሏንና የወንድሟን እራት የምታደርሰው። እስከ ማይጨው ድረስ እንዲህ ነበር የሚዘመተው። የአርበኛው ስም በቀኝ አዝማች በግራ አዝማች ተጽፎ ይገኛል። ዱቄቱን የፈጨችው እህት ግን ስሟ የትም አልተጻፈም። ስሟን ብናውቀው ኖሮ ዓድዋን ዛሬ ከምናውቀው በላይ እናውቀው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ዛሬ ጦሩ ወጥ ቤትም መኪናም አለው። ወንድሜ የሚበላው አያጣም። እኛ ግን እንልካለን። ለፈቃድ ወጥቶ የሚመለስ ጓደኛው ሸኖ ቤተሰቦቹን አይቶ ሲያልፍ መናኸሪያ ድረስ ወርጄ አስይዘዋለሁ። ከረጢቱ በደረሰበት ማታ ያልቃል። «እታለም፣ አንድ ማንኪያ ብቻ ነው የደረሰኝ» ይለኛል ወንድሜ፤ ከኋላው ሳቅ እሰማለሁ። ከዚያ ስልኩን ይነጥቁታል። «እህታችን፣ እጅሽ ይባረክ» ይላል አንዱ በወላይትኛ ዜማ። ሌላው የጅግጅጋ ልጅ ነው፤ በሶ ከዚያ በፊት ቀምሶ እንደማያውቅ፣ አሁን ግን ከወንድሜ ቀድሞ ከረጢቱን እንደሚፈታ ይነግረኛል። አንዱ እጮኛው ስልክ አላነሳ ብላው አማክሮኛል፤ ታግሶ እንዲጠብቃት ነግሬው ታርቀዋል። ፊታቸውን አላውቀውም። ድምፃቸውን ግን ከወንድሜ ድምፅ ለይቼ በየስማቸው እጠራለሁ፤ አንድ ወንድም ልኬ ብዙ ወንድም አገኘሁ።

ከእነዚያ ድምፆች አንዱን ከጊዜ በኋላ አልሰማሁትም። ወንድሜን አልጠየቅሁትም። ከዚያ ወዲህ በደወለ ጊዜ፣ ገና ሰላም እንደተባባልን፣ ስለ ጊደሯ ንገሪኝ አለኝ። ነገርኩት። በጣም አስረዝሜ ነገርኩት።

እናቴ ወታደር ስትጠብቅ ወንድሜ የመጀመሪያዋ አይደለም። ታናሽ ወንድም ነበራት። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲወጣ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለው ሁሉ ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል ተደነገገ፤ አጎቴ በዚያ ነው የሄደው። ሁለቱ ዓመት አለፈ፤ ጦርነቱ ግን የሚለቀው አልሆነም። ደብዳቤዎቹ ከከረን ይመጡ ነበር፤ ሁሉም ስለ ሁሉም ሰው ጤና የሚጠይቁ፣ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ የሚሉ። በመጋቢት 1980 ዓ.ም. የአፍአበት ግንባር ሲፈርስ ደብዳቤው ቆመ። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ተበትኖ ከደሴ በኩል በእግሩ ሲጎርፍ፣ እናቴ እንስራዋን ውሃ ሞልታ መንገድ ዳር ወጣች። ባዶ እግራቸውን የመጡትን እያጠጣች «ከከረን የመጣ አለ?» ትል ነበር። መርዶ አልመጣም፤ ስለዚህ ለቅሶም አልተቀመጠችም። ድንኳን ያልተተከለለት፣ ሰልስት ያልወጣለት፣ ተዝካር ያልተበላለት ወንድም አላት። ሰው ሲያጽናናት «ይመጣል» አይላትም፤ «ነፍስ ይማር» ለማለትም የሚደፍር የለም። እንግዲህ ይህች ሴት ናት ልጇ ወታደር ልሁን ሲላት ያሰናበተችው። እንዴት እንደቻለች አላውቅም። ያየሁት፣ በሄደበት ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ገብስ መቁላቷን ነው።

ኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ራሱ ወደኛ መጣ። ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ደብረ ብርሃን በተፈናቃይ ሞላች፤ ትምህርት ቤቱም ሰው ቤቱም አዳራሹም ሰው አደረበት። በየቀበሌው ግቢ ምጣድ ተጥዶ ቆሎና በሶ ለሠራዊቱ ይሰናዳ ነበር። እኔም ቆላሁ። ወንድሜ የትኛው ግንባር እንዳለ አላውቅም፤ ስልክ የለም፤ የቆላሁት ለእሱ ይድረስ ለሌላ እህት ወንድም ይድረስ የማውቀው ነገር አልነበረም። እዚያ ምጣድ ዳር አንድ ነገር አሰብኩ፤ ያኔ ጮክ ብዬ ለመናገር የሚከብድ ነበር፤ ዛሬም ለብዙ ሰው ይከብዳል። ከወዲያኛው ወገን፣ መቀሌ ይሁን አክሱም፣ ወንድሟን የት እንዳለ ያላወቀች ሴት ምጣድ ዳር ተቀምጣለች፤ ገብስ ደግሞ በማንም ምጣድ ላይ ሲቆላ ሽታው ያው ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ሲፈረም፣ አገሩ ስለ ፖለቲካው ሲነጋገር፣ እኔ የማላውቃትን ያቺን ሴት ነበር የማስበው። ወንድሟ ደውሎላት ይሆን? ደውሎላት እንደሆነ ምን ጠየቃት?

የእኔ ወንድም ደወለ። መጀመሪያ የጠየቀው ጊደሯን ነው፤ እሷ እስከዚያ ወልዳለች።

ለፈቃድ ሲመጣ የሰፈር ሰው «ጀግናችን» እያለ እያቀፈ ይስመዋል። እኔ አጠገቡ ቆሜ የማየው፣ ሌሊት ጅብ ሲጮህ «እታለም፣ ሽንቴ መጣ፣ ተነሽልኝ» እያለ የሚቀሰቅሰኝን ልጅ ነው። ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ ለፊተኛው ሲያጨበጭብ ኋለኛው እንዳይጠፋ የሚጠብቀው የለም። ያንን እኔ እጠብቃለሁ። ዶሮ ሳይጮህ ተነስቶ ብርድ ልብሱን አራት ማዕዘን አድርጎ ያጥፋል፤ እኔ እዘረጋውና «ተመልሰህ ተኛ» እላለሁ። ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ይቀመጣል፤ አጠገቡ ተቀምጬ በሩን እኔም አያለሁ። ቶሎ ቶሎ ይበላል፤ እናቴ ደጋግማ ትጨምርለታለች። በሦስተኛው በአራተኛው ቀን መሳቅ ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ እንጨቃጨቃለን፤ ስንጨቃጨቅ ቤቱ ሙሉ ይሆናል።

አሁን የያዝነው ጭቅጭቅ የባሕር ዛፍ ነው። አባታችን የተከለው፣ ከቤቱ ጀርባ ያለው። ወንድሜ ይቆረጥና ይሸጥ ይላል፤ በገንዘቡ ሁለት የወተት ላም ገዝቶ፣ ከውትድርና ሲወጣ ወተት ለማስረከብ አስቧል። አብዬ ያያቸው ላሞች ልቡ ውስጥ ቀርተዋል መሰለኝ። እኔ ደግሞ እናቴ በሕይወት እያለች አባቴ የተከለው ዛፍ አይነካም እላለሁ። ውርጩንም ነፋሱንም የሚመልስልን እሱ ነው። «ላም ውርጭ አይመልስም» አልኩት ባለፈው በስልክ። «ባሕር ዛፍ አይታለብም» አለኝ። እናቴ ከወጥ ቤት ሆና ለእሱ ፈረደች። ኮረብታው ላይ ነፋሱ ድምፁን እየወሰደው፣ ከኋላው ያሉት ልጆች «እታለም ትክክል ናት!» እያሉ እየጮሁ፣ ባትሪው አለቀና ተቋረጠ። ቅዳሜ ይደውላል። ላሞቹን እሺ እለዋለሁ፤ ብር ከየት እንደሚመጣም አስቤለታለሁ። ባሕር ዛፉን ግን አላስቆርጥም፤ ይኸን ነው የምነግረው።