ከመፈረማችሁ በፊት ስንብታችሁን አስሉ

አዲስ አበባ፣ አብነት አካባቢ ባሉት ትንንሽ ወርክሾፖችና ሱቆች ገበያ ሲቀዘቅዝ አንድ ወረቀት መዞሩ የተለመደ ነው። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ደመወዝ ተቀንሷል፣ የተስማማ ይፈርም የሚል። ሠራተኛውም "ከነጭራሹ ከማጣት ይሻላል" ብሎ ይፈርማል። አንዳንዴ እውነትም ይሻላል። ግን ያ ፊርማ የሚነካው የወሩን ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ ሥራው ሲቋረጥ የሚከፈለውን ስንብትም ነው።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ሥራ ሲያጡ "አንኢምፕሎይመንት" የሚባለውን የሥራ አጥነት መድን ክፍያ ይወስዳሉ። በብዙ ስቴቶች አሠሪው ደመወዙን ወይም የሥራ ሰዓቱን ክፉኛ ከቀየረ፣ ሠራተኛው በገዛ ፈቃዱ ቢለቅም በቂ ምክንያት ነበረው ተብሎ ክፍያው ሊፈቀድለት ይችላል። እኛ አገር እንዲህ ያለ መድን የለም። የግል ድርጅት ሠራተኛ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ በየወሩ ለጡረታ ያስገባሉ፤ እሱ ግን የነገን ቤት ኪራይ አይከፍልም። ሥራ ላጣ ሰው ቶሎ የሚደርስለት የስንብት ክፍያ ነው።

አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስንብትን የሚያሰላው በመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት የ30 ቀን፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል፤ ድምሩ ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በሠራተኛ ቅነሳ ለተሰናበተ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከልለታል።

እስቲ እናስላው። በ12,000 ብር ስድስት ዓመት የሠራች ሴት በሠራተኛ ቅነሳ ብትሰናበት ስንብቷ 56,000 ብር ነው። ከመሰናበቷ ሁለት ወር በፊት ወደ 7,500 ብር ዝቅ የሚያደርግ ወረቀት ፈርማ ከነበረ ግን 35,000 ብር ብቻ ይሆናል። ስድስቱም ዓመት በአዲሱ ደመወዝ ተለካ ማለት ነው።

ተናዶ ጥሎ መውጣትም ሌላ ወጥመድ ነው። አምስት ዓመት ሳይሞላው በራሱ ፈቃድ የለቀቀ ሰው በመርህ ደረጃ ስንብት የለውም። አሠሪው መሠረታዊ ግዴታውን ደጋግሞ ሳይወጣ ከቀረ፣ ሠራተኛው ምክንያቱን በጽሑፍ ገልጾ ያለ ማስጠንቀቂያ ቢለቅ ግን ስንብትም ካሳም ይገባዋል። ይህ መብት ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ከቆመበት ቀን አንሥቶ 15 የሥራ ቀን ካለፈው ይወድቃል። ስለዚህ "አልመጣም" ብሎ ስልክ መዝጋትና ምክንያትን ጽፎ መልቀቅ በገንዘብ ሲመነዘሩ በጣም ይራራቃሉ።

ቋሚ ውልን ወደ ጊዜያዊ የሚቀይር ወረቀትም አለ። የጊዜው ማለቅ ብቻውን የስንብት ክፍያ ምክንያት ስላልሆነ፣ ደመወዙ ሳይነካ እንኳ መብቱ ሊያመልጥ ይችላል።

አሠሪው በቃል "ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ነው" ስላለ ብቻ ውል አይለወጥም። የአዋጁ አንቀጽ 15 የሚያውቀው የኅብረት ስምምነትን፣ በአግባቡ የወጣ የሥራ ደንብንና የሁለቱን ወገን የጽሑፍ ስምምነት ነው። ዝም ብሎ የተቀነሰውን እየተቀበሉ መክረም ግን በኋላ ልደታ ፍርድ ቤት ስትቆሙ "ተስማምታችሁ ነበር" የሚል ክርክር ያመጣባችኋል።

አሠሪውም ገበያ አጥቶ ይሆናል፤ ተነጋግሮ መስማማት ነውር የለበትም። ብቻ ቅነሳው እስከ መቼ እንደሚቆይ፣ ስንብትም ቢመጣ በቀድሞው ደመወዝ እንደሚሰላ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ኮፒውን ተቀበሉ። ካልተስማማችሁ ተቃውሟችሁን በደብዳቤ አስገቡ። ሥራው ከተቋረጠም የክፍያ ጥያቄያችሁን ስድስት ወር ሳይሞላ አቅርቡ፤ ከዚያ በኋላ ይርጋ ያግደዋል።