በሁለት ጎማ እስከ ቢሾፍቱ



ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚወርድ አሮጌ አስፋልት አለ። በሳሪስ፣ በቃሊቲ፣ በአቃቂ፣ በገላንና በዱከም አልፎ ቢሾፍቱ ይደርሳል። ቢሾፍቱ ቀድሞ ደብረ ዘይት ትባል የነበረችው ከተማ ናት። ርቀቱ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እኛ አሥራ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ ይህን መንገድ በብስክሌት ሄድንበት። ሌሊቱን በድንኳን አደርን። እሑድ ተመለስን።

ይህንን በማስተምርበት ክፍል ሳወራ አንድ አባት እጃቸውን አነሱ። «አንተ ልጅ፣ ቤት እያለህ ሜዳ ላይ ምን አሳደረህ?» አሉኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አይደለም። መልሱ ወደ በኋላ ይመጣል። መጀመሪያ መንገዱን እንየው።

እስቲ እናስላ። ብስክሌት ደህና መንገድ ላይ በአንድ ሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። 45 ለ15 ሲካፈል 3 ነው። ስለዚህ ሦስት ሰዓት ይበቃል ማለት ነው። እኛ ግን አምስት ሰዓት ፈጀብን። ለምን? ሰው ይደክመዋል፣ ይጠማዋል፣ ጎማ ይበሳል፣ ሻይ ቤት ይገኛል። ወረቀት ላይ ያለ ሒሳብ ሻይ አይጠጣም።

ሌላም ሒሳብ አለ። የአዲስ አበባ መሐል ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ያህል ነው። ልዩነቱ 400 ሜትር ይሆናል። ሲሄዱ ቁልቁለቱ ይገፋል። እግር ሥራ ይፈታል። ሲመለሱ ግን ያው ቁልቁለት ዳገት ነው። ቅዳሜ በነፃ የወረድነውን ሁሉ እሑድ በላባችን ልንከፍለው ነው።

ዓርብ ማታ ተሰብስበን ተነጋገርን። መሪያችን የምህንድስና ተማሪ ናት። ብስክሌት መጠገን ከሁላችንም ይልቅ ታውቃለች። ሦስት ነገር አስማማችን። አንደኛ፣ በቀኝ ጠርዝ በአንድ ረድፍ እንሄዳለን፤ ጎን ለጎን ሆኖ ማውራት የለም። ሁለተኛ፣ ፊት ያለው ጉድጓድ ወይም ድንጋይ ሲያይ ይጮሃል፤ የኋላው ተቀብሎ ይጮሃል። ሦስተኛ፣ ደካማው ከመሪዋ ቀጥሎ ይሄዳል፣ ብርቱው መጨረሻ ላይ። ደካማውን ከኋላ ካስቀመጡት ማንም ሳያየው ይቀራል። ከፊት ካስቀመጡት ግን ጉዞው በእሱ አቅም ይሆናል። መብራት ያለን ሦስት ብቻ ነበርን። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

ቅዳሜ ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነሳን። ድንኳን፣ ብርድ ልብስ፣ ማሰሮ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎና ውሃ ተሸክመናል። አንዱ ጊታር ይዞ መጥቶ ነበር። መሪያችን መለሰችው። ጥሩ አደረገች።

ቃሊቲን ስናልፍ ነፋሱ ከፊት መታን። ለብስክሌተኛ ነፋስ ከዳገት አይተናነስም። እዚህ ላይ አንድ ዘዴ አለ። ከሰው ኋላ ተጠግቶ የሚሄድ ሰው ነፋሱ ብዙም አይመታውም፤ የፊተኛው ይሰብርለታል። ስለዚህ በየአሥር ደቂቃው ተራ እንቀያየር ነበር። አንዱ ፊት ሆኖ ነፋሱን ይሰብራል። ሲደክመው ወደ ኋላ ይመለሳል። ሌላው ይተካል። እናንተ ወንፈል ትገቡ የለ? ዛሬ የእኔ ማሳ፣ ነገ የአንተ ማሳ? ይኸው እሱ ነው፤ የነፋስ ወንፈል።

መንገዱ ላይ የሚያስፈራው የጭነት መኪና ነው። ወደ አዳማ የሚሄድ የፍጥነት መንገድ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 ተከፍቶ ብዙ መኪና ወደዚያ ሄዷል። ብስክሌት ግን እዚያ አይፈቀድም። እኛ አሮጌው መንገድ ላይ ከከባድ መኪኖች ጋር ነበርን። ተሳቢ ያለው መኪና በአጠገብ ሲያልፍ አየሩ መጀመሪያ ይገፋል፣ ቀጥሎ ይስባል። ያኔ መሪን አጥብቆ መያዝ እንጂ ወደ ኋላ ዞሮ ማየት አያስፈልግም። ዞሮ የሚያይ ሰው ብስክሌቱም አብሮት ይዞራል።

አቃቂ ላይ ድልድዩን ስንሻገር አፍንጫችንን ያዝን። ወንዙ የከተማውን ቆሻሻ ይዞ ይወርዳል። ከታች ግን በዚሁ ውሃ አትክልት የሚያለማ ሰው አለ፤ ከብትም ይጠጣዋል። እኛ ከላይ ሆነን የምንጥለውን ከታች ሌላ ሰው ይቀበለዋል። በመኪና መስኮት ዘግቶ የሚያልፍ ሰው ይህን አይሸተውም።

ከገላን እስከ ዱከም በግራና በቀኝ ፋብሪካና መጋዘን ተደርድሯል። ዱከም ሻይ ስንጠጣ አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው እያመለከቱ «ያ ሁሉ ቆርቆሮ የምታዩት ጤፍ ነበር» አሉን። ልጃቸው ፋብሪካው ውስጥ ይሠራል። ደመወዝ ያገኛል። እሳቸውም ይህን አልካዱም። እኔ የማስበውን ልናገር? ፋብሪካ ያስፈልጋል። ግን ጥቁር የጤፍ መሬት ላይ መሆን አልነበረበትም። ፋብሪካ ድንጋይ ላይም ይቆማል። ጤፍ ድንጋይ ላይ አይበቅልም።

ከዱከም እንደወጣን የአንዱ ጎማ ተነፈሰ። ወደ ዳር ወጥቶ የግራር እሾህ ረግጦ ነው። መሪያችን ሁላችንንም ሰብስባ አሳየችን። የውስጡን ጎማ አውጥታ ነፋችው። ውሃ በሳሕን አድርጋ እየነከረች አዞረችው። አረፋ የወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው። አደረቀችው። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገችው። ማስቲሽ ቀባችው። እዚህ ላይ ሰው ይቸኩላል፤ ማስቲሹ እርጥብ እያለ ይለጥፋል፤ ከዚያ አይይዝም። ደረቅ እስኪል አምስት ደቂቃ ጠበቀችና ቁራጭ ጎማ ለጥፋ ተጫነችው። ጎማውን ከመመለሷ በፊት ደግሞ የውጪውን ጎማ ውስጥ በጣቷ ዳሰሰች። እሾሁ እዚያው ተሰክቶ ነበር! እሱን ሳያወጡ ቢመልሱት አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሄዱ እንደገና ይበሳል።

ቢሾፍቱ ስንደርስ መጀመሪያ ያየነው ሐይቁን ነው። ከተማው ውስጥና ዙሪያው ብዙ ሐይቆች አሉ፦ ቢሾፍቱ፣ ሆራ፣ ባቦጋያ። እነዚህ ውሃ ያቆሩ ተራ ጉድጓዶች አይደሉም። በጥንት ጊዜ ከመሬት ሆድ የወጣ የቀለጠ ድንጋይ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኘ። ውሃው በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሆነ። ክዳኑ የተደፈነ ድስት ምን ይሆናል? መሬቱ ፈነዳ። የፈነዳው ቦታ ጉድጓድ ሆኖ ቀረ፤ ውሃ ሞላው። ስለዚህ ዳሩ እንደ ሌላ ሐይቅ ቀስ እያለ አይጠልቅም፤ እንደ ገደል ነው። ቢሾፍቱ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ዋና የሚችሉ ልጆች ሊገቡ ሲሉ ተከለከሉ። እግር የሚያርፍበት ቦታ በሌለው ውሃ ዳር መዋኘት አይሞከርም።

ከከተማው ወጥተን ማደሪያ ስንፈልግ ፀሐይ ዘቅዝቃለች። ወደ ደቡብ የዝቋላ ተራራ ብቻውን ቆሞ ይታያል። ሜዳው ሁሉ የታጨደ ጤፍ ነው። አንድ ገበሬ አውድማቸው ላይ በሬ ያበራያሉ። መሪያችን ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። «አባባ፣ እንደምን ዋሉ? የአዲስ አበባ ተማሪዎች ነን። ለአንድ ሌሊት ድንኳን የምንተክልበት ቦታ ቢፈቅዱልን ብለን ነው» አለች። ኦሮምኛ የሚያውቀው ጓደኛችን ደግሞ በኦሮምኛ ሰላምታ ጨመረበት። የሰውየው ፊት ፈታ አለ።

«ልጆቼ፣ እዚያ ግራሩ ሥር እደሩ። ገንዘብ አልፈልግም» አሉ። «አንድ ነገር ግን አለ። እሳት አታነዱም።»

ከመካከላችን ሁለቱ አጉረመረሙ። ድንኳን ያለ እሳት ምን ይሆናል? ሽሮውስ? ሰውየው ሰሙ። አልተቆጡም። በእጃቸው ክምሩን አሳዩን። «ያ ክምር የዓመት እንጀራዬ ነው። ሰባት ነፍስ ይበላበታል። ደረቅ ነው። ማታ ነፋስ ይነሳል። አንዲት ፍም ትበቃዋለች።»

መሪያችን ምንም አልተናገረችም። እየዞረች የሁላችንን ክብሪትና መለኮሻ ሰበሰበች። በሁለት እጇ ለሰውየው አስረከበች። «ጧት ሲነጋ ይመልሱልናል» አለች። ሰውየው ክብሪቱን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ከዚያ ወደ ቤት ጮኸው ባለቤታቸውን ጠሩ። ሽሮአችን የተሠራው በእማማ ምድጃ ነው። እንጀራም ጨመሩልን። በራሳችን እሳት ብንሠራው ኖሮ እንደዚያ አይጥምም ነበር።

ከእራት በኋላ ሰውየው ወደ ቤታቸው አልገቡም። አውድማው ዳር ትንሽ የጭድ ጎጆ አለች። እሳቸውና ልጃቸው በተራ እዚያ ያድራሉ። ምርቱ ጎተራ እስኪገባ ድረስ በየሌሊቱ እንዲሁ ነው። ሌባ አለ፣ ከብት አለ፣ እሳትም አለ።

እንግዲህ ቤት እያለህ ሜዳ ላይ ምን አሳደረህ ላሉኝ አባት መልሴ ይኸው። አባቴ፣ እርስዎም በየዓመቱ ሜዳ ያድራሉ። ምርትዎን ለመጠበቅ ነው። እኛ የምንጠብቀው ምርት የለንም። ከአሥራ አንዳችን ስድስታችን አዲስ አበባ ተወልደን ያደግን ነን። እንጀራ በቀን ሁለቴ እንበላለን። አውድማ ያየነው ግን ያን ቀን ነው። ለዚህ አንድ ሌሊት መብረድ ይበዛል?

ደግሞም በረደን። ጅብ ጮኸ። ሁለት ልጆች ድንኳናቸውን ትተው ከሰውየው ጎጆ አጠገብ ሄደው ተኙ። ሰውየው እስከ እኩለ ሌሊት ያጫወቱን ስለ ጤፍ ነበር። የሚዘሩት ቁንጮ የሚባለውን ነው። ቁንጮ የወጣው እዚያው ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ለገበሬ ተለቀቀ። ማኛ የሚባለው ዘር ነጭ ነው፣ ገበያ ይወደዋል፣ ምርቱ ግን ያንሳል። ዱከም የተባለው ዘር ምርቱ ብዙ ነው፣ ንጣቱ ግን የማኛን ያህል አይደለም። ተመራማሪዎቹ ሁለቱን አዳቀሉ። ልጁ የአንዱን ንጣት፣ የሌላውን ምርት ያዘ። ጧት ሻይ የጠጣንባት ከተማና የዘሩ ወላጅ ስማቸው አንድ ነው።

እሑድ ጧት ክብሪታችን ተመለሰ። ውለታ ለመመለስ መንሽ ይዘን ገባን። ጤፍና ጭዱን ነፋስ እንዲለየው ወደ ላይ መበተን ቀላል ይመስላል። እኛ ስንበትነው ጭዱም ጤፉም በአንድነት ፀጉራችን ላይ ወረደ። እማማ እየሳቁ መንሹን ተቀበሉንና ውሃ እንድንቀዳ ላኩን።

ከቀኑ 6 ሰዓት ተነሳን። አሁን ሁሉም ዳገት ነው። አቃቂ ስንደርስ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል አልፏል። የአንዱ ልጅ ጉልበት አብጧል። ሁለት ሚኒባስ አስቆምን፤ ሰውየውን እንጂ ብስክሌቱን አንጭንም አሉ። ያኔ ሦስቱ ብርቱዎች «እኛ እንቅደም፤ ነገ ጧት ፈተና አለን» አሉ። ጥያቄያቸው አግባብ ነበረው። ፈተናው እውነት ነው። ሊመሽም አንድ ሰዓት ተኩል ቀርቷል።

መሪያችን እንዲህ አለች፦ «ካላችሁ ሂዱ። ግን መብራት ካላቸው ሦስት ሰዎች ሁለቱ ከእናንተ ውስጥ ናቸው። እናንተ ከሄዳችሁ ስምንት ሰው በአንድ መብራት ይቀራል። መብራቱን ፊት ካደረግነው ከኋላ የሚመጣው የጭነት መኪና አያየንም። ኋላ ካደረግነው ጉድጓዱን አናይም።»

ሦስቱ ተያዩ። አንደኛው ብስክሌቱን አጋደመና ቁጭ አለ። ለረጅም ጊዜ ማንም አልተናገረም። ቆይቶ ተነሳና የታመመውን ልጅ ጭነት ፈታ፤ ለሦስት አካፈሉት። አኩርፈው ነው ያደረጉት። አኩርፈውም ቢሆን አደረጉት።

ከቃሊቲ እስከ ሳሪስ ያለው ዳገት ላይ ያ ያኮረፈው ልጅ በአንድ እጁ መሪውን ይዞ በሌላው የታመመውን ጀርባ እየገፋ ወጣ። ሲደክመው ሌላው ተተካ። አንድ መብራት ፊት፣ ሁለት መብራት ኋላ። መኪኖቹ ከሩቅ እያዩን ጎን ለቀቁልን። ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን አሥራ አንዳችንም ገባን።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሦስቱን አግኝቼ ፈተናው እንዴት ነበር አልኳቸው።

«ጥያቄውስ ደህና ነበር» አለኝ አንደኛው። «ወንበሩ ላይ መቀመጡ ነው የከበደን።»